«ወደ ግራ! ትንሽ! ቁም!»

ጋሽ ሞገድ በጓሮው ንጣፍ ድንጋይ ላይ በጎኑ ተኝቷል። አንደኛው ጫማው ከእግሩ ወልቆ አጠገቡ ወድቋል፤ መነጽሩ ግን፣ ጉድ በሉ፣ አልተሰበረም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የመዝገብ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሰፈሩ ጋሽ ሞገድ ነው። ሬዲዮኑ የተንሿሿበት፣ ድምፁ የሸሸበት፣ ጣቢያ በጣቢያ ላይ የተደረበበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሳጅኑ ቀድሟት መጥቶ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነውና ሞት ሁሉ አደጋ ቢሆንለት ደስ ይለዋል፤ አይፈረድበትም።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላት። «ሬዲዮው አስቸገረ፤ ሰውዬው አንቴናውን ሊያዞር ጣራ ላይ ወጣ፤ ወደቀ። የሚስቱ ወንድም ከታች ሆኖ ‹ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ቁም› ይለው ነበር። ጎረቤት ሰምቷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በዚህ በኩል ዞረህ ድገምልኝ» አለችው።

ቀኝ ጆሮዋን በልጅነቷ ሕመም ወስዶባታል። ሰው ሲያናግራት ጭንቅላቷን ጠምዘዝ አድርጋ ግራውን ትሰጣለች። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ግማሽ ጆሮ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ሲሉ ባትሰማ እንኳ ሲስቁ ታያለች። ነገር ግን በዚያች በግማሽ ጆሮ የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ ያየ የለም።

ሳጅኑ እየተነጫነጨ ደገመላት። እሷ እየሰማች ቁጢጥ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለጥ አደረገች። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። በጥፍሯ ነካ አደረገችው፤ ገና በደንብ አልደረቀም።

«ይህ ምንድነው?»

«የጥገና ሰው እጁ የማይነካው ምን አለ?» አለ ሳጅኑ።

ከጓሮው ወደ ጣራ የሚያወጣውን የብረት ደረጃ ይዛ ወጣች፤ ሳጅኑም እያለከለከ ተከተላት። ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ ጠርዙ ከጉልበት አይበልጥም። መሃል ላይ አንድ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና አለ። ምሰሶውን ከእግሩ የያዙት ሦስት ብሎኖች የብር ቀለም ተቀብተዋል። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀለሙ ብሎኑንና ብረቱን አንድ ላይ ለብጦ ይዟል፤ ጭረት እንኳ የለውም።

ከምሰሶው ዙሪያ ደግሞ፣ በአራት ማዕዘን፣ አራት ቢጫ የመስቀል ምልክቶች ሲሚንቶው ላይ ተሥለዋል። አንደኛው በጣት ተነክቶ ተበላሽቷል።

«የልጆች ጨዋታ ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

«ጣራ ላይ? በዚህ ደረጃ ወጥተው? አንተ ራስህ ነፍስህ ልትወጣ ነው» አለችው፤ ሳቀም።

ሳሎን ሲገቡ ግን ሳቁ ቀረ። የጋሽ ሞገድ ሚስት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ውሃ ቢያቀርቡላት አልቀምስም ብላለች። መርማሪዋን ስታይ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ። ጻፊው።»

«እንዴት እትዬ?»

«ዛሬ ጠዋት ‹ይህ ሬዲዮ ሲንጫጫ ጭንቅላቴን በሳው፤ ወይ አስተካክለው ወይ ከቤቴ አውጣው› አልኩት። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ሳይመልስልኝ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ተቀይሞኝ ነው። እኔ የታመመች ጎረቤት ልጠይቅ ሄድኩ፤ እሱ በኔ እልህ ጣራ ላይ ወጣ። ይኸው በእልህ ወደቀ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሴትየዋ ያንን ቃል መልሳ ልትውጠው የምትችል ቢሆን ምላሷን ጭምር በዋጠች ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከጎኗ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከሁለት ወር ወዲህ እህቱ ቤት የተጠጋ ሰው ነው። ቤቱ እህቱ ከእናታቸው የወረሰችው ነው፤ እሱ የራሱን ድርሻ ድሮ ሸጦታል።

«እታለም፣ ተይ እንዲህ አትበይ» አላት።

መርማሪዋ ልብ አለችው። አትበይ አላት እንጂ «አንቺ አይደለሽም» አላላትም።

«አንተ ነህ አብረኸው የነበርከው?» አለችው።

«አዎ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሱቁ መጣ። ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ድምፁ ተንሿሿ። ጋሼ ‹ንፋስ አንቴናውን አዙሮታል፤ እኔ ወጥቼ ላዙረው፤ አንተ ከዚህ ሆነህ ንገረኝ› አለኝ። እኔም እዚያች መስኮት ላይ ቆሜ ‹ወደ ግራ! ትንሽ! ቁም!› አልኩት።»

«‹ቁም› ስትለው ድምፁ ተስተካክሎ ነበር?»

«እንደ መስታወት ነው ጥርት ያለው! ከዚያ ሳይወርድ ሲቀር ጊዜ ጓሮ ወጥቼ ሳይ... ያው ያያችሁት ነው። ጮህኩ። ሰው መጣ።»

«ጣቢያውን ነካክተሃል?»

«ኧረ እኔ! ጋሼ ሬዲዮውን ሰው ሲነካበት አይወድም።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

የመለሰችው ሚስቱ ናት። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ስመለስ ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር ሲጮህ። የሞተ ሰው ቤት ውስጥ ኳስ! ማጥፊያውን ተጫንኩት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልደረሰበትም።»

«ሁልጊዜ እንዲያ አስጩኾ ነው የሚሰማው?»

«እሱ? እሱማ ‹ጥሩ ድምፅ መጮህ አያስፈልገውም› የሚል ሰው ነው።»

ሬዲዮው መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የእንጨት ሳጥን ያለው ትልቅ መሣሪያ ነው። ከሥሩ እንደ ትንሽ ጋሪ ጎማ ክብ የሆነ ሳንቃ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሠመሩ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ጋ «ዜና»፣ አንዱ ጋ «ኳስ»፣ አንዱ ጋ «ድሮ ዘፈን» ተብሎ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ከሳንቃው ጠርዝ የወጣው ጠቋሚ ጥርስ «ኳስ» ላይ ቆሟል።

መርማሪዋ ሬዲዮውን ከፈተችና ወዲያው ድምፁን ቀነሰች። አንድ ሰው ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ግራ ጆሮዋን አስጠግታ ሳንቃውን በአንድ ጣት ገፋ አደረገችው። ሬዲዮው ከነሳንቃው ዞረ። ሰውየው ወደ ሩቅ እየሄደ የሚያወራ መሰለ፤ ከዚያ መንሿሿት ዋጠው። መልሳ «ኳስ» ላይ ስታደርገው ሰውየውም ተመለሰ። ቀጥላ ከጣራ የሚመጣውን ሽቦ ከጀርባው ነቀለችና ጥቂት ቆማ ሰማች፤ መልሳም ሰካችው።

«እየተጫወትሽ ነው?» አላት ሳጅኑ።

«እየሰማሁ ነው።»

ከመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል የተከራየች ልብስ ሰፊ አለች። አፏም መርፌዋም ፈጣን ነው። ገና ወንበር ሳታቀርብ ጀመረች።

«እኔና ጋሽዬ ስንጨቃጨቅ መኖራችንን ሰፈሩ ይነግርሻል፤ እኔም አልዋሽሽም። ይህ የኤሌክትሪክ ማሽኔ ሲሠራ ሬዲዮው ይንጫጫበታል። እሱ ‹ማሽንሽን ዝም አሰኚ› ይለኛል፤ እኔ ‹ሬዲዮህን በል› እለዋለሁ። ግን እኮ ዛሬ ቀትር ላይ ታረቅን።»

«በምን?»

«በዚህ» አለችና የማሽኑን ገመድ አሳየቻት። ገመዱ በአንድ ጥቁር ቀለበት ውስጥ አልፎ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። «እሱ ነው ያደረገልኝ። ‹አሁን ስፊ እስኪ› አለኝ፤ ሰፋሁ። ሳሎን ሄዶ ሰምቶ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ነገር አለኝ፤ ለባለቤቱ እንዳልነግርበት ግን አስምሎኛል።»

«እኔ ባለቤቱ አይደለሁም» አለች መርማሪዋና ግራ ጆሮዋን ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ሹክ አለቻት። መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ከዚያስ? ከሰዓት ምን አየሽ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ የብረት ቆብ ያደረጉ ሁለት ሰዎች በጎን በር ገብተው ወደ ጣራ ወጡ። ማን እንደከፈተላቸው አላየሁም፤ ቁልፉ ኮሪደሩ ላይ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ሸሪኩ ሽቦም ሌላ ቁልፍ አለው። ጋሽዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ ‹ጣራው ምን ሆኖ ነው የሚለኩት?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹ማን ነው የሚለካው?› አለኝና ሮጠ። እኔም ወደ ሥራዬ።»

«ጩኸቱን ሰማሽ?»

«‹ወደ ግራ! ትንሽ! ቁም!› እንዴት አልሰማ! ከዚያ በፊት ሬዲዮው ድንገት ጮኸ፤ ከማሽኔ ድምፅ በላይ።»

«ከጣራ መልስ ሰማሽ?»

የልብስ ሰፊዋ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። አሰበች። «ኧረ አልሰማሁም» አለች ቀስ ብላ።

ሽቦ የሚባለው የጋሽ ሞገድ የሥራ ሸሪክ ነው፤ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያወጣለት። ሱቃቸው ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች መሃል ተቀምጦ ዓይኑ ቀልቷል። ሳጅኑ ገና ከበሩ ጀምሮ በክፉ ዓይን አየው።

«ምሰሶውን የተከልከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንትም ብሎኖቹን አጥብቄ ቀለም ቀባኋቸው። በኔ ጥፋት ነው የወደቀው ልትሉ ነው? በሉ! እኔም ከሰማሁ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ነው የዋልኩት» አለና አፍንጫውን በእጀታው ጠረገ።

«አይዞህ» አለችው መርማሪዋ። «አንድ ነገር አሳየኝ። የሬዲዮ ጆሮው የቱ ጋ ነው?»

ሽቦ ገረመው። ግን የሥራ ጥያቄ ሰውን ከለቅሶ ያወጣዋል። አንዱን የተከፈተ ሬዲዮ ጎተተ።

«ሁለት ጆሮ ነው ያለው። አንዱ ለኤፍኤም ነው፤ ከጣራ በሽቦ የሚመጣው። አንቴናው ከፍ ባለና ፊቱን ወደ ጣቢያው በሰጠ ቁጥር ድምፁ ይጠራል፣ መንሿሿቱ ይጠፋል። ሌላው ይቺ ናት» አለና ቀይ የመዳብ ክር የተጠመጠመባት ጥቁር በትር ነካ። «ለመካከለኛ ሞገድ። እዚሁ ሆዱ ውስጥ ናት።»

«የዛሬው ጨዋታ በየትኛው ነበር የተላለፈው?»

«በመካከለኛው ነው፤ በሌላ አል...» ሽቦ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ቆይ! ቆይ እንጂ! ታዲያ ለምን...»

«ነገ» አለችው። «እስከ ነገ ለማንም እንዳትተነፍስ። አሁን ደግሞ ይህን ንገረኝ፤ ከምሰሶው ዙሪያ በካሬ አራት ምልክት ቢደረግ ምንድነው?»

«እግር ነዋ። አራት እግር ያለው ነገር ሊተከል ነው። የስልክ ማማ ይመስላል።»

መርማሪዋ ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ጠዋት የስልክ ማማ የሚተክሉትን ሰዎች ፈልገህ ታገኛለህ። ወረቀት ሳይኖር ሰው ጣራ ላይ አይወጣም።»

«ሪፖርቴስ?»

«ሻይ ጠቅልልበት።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስቱ ትናንት የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ናት፤ አሁንም አልበላችም፣ አላለቀሰችም። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል። ሽቦ በሩ ጋ ጥግ ይዟል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሳጅኑ አንድ ፖስታ ጉያው ውስጥ ይዞ ወደ ማንም አይመለከትም።

«እትዬ» አለች መርማሪዋ «ትናንት ‹ገዳዩ እኔ ነኝ፤ ጻፊው› ብለውኛል። ከመጻፌ በፊት ልመርምረው ብዬ ነው።»

ሬዲዮውን ከፈተችና ልብስ ሰፊዋን ማሽኗን እንድታስነሳ ላከቻት። ማሽኑ ከወዲያ ክፍል ተንደቀደቀ፤ ሬዲዮው ግን ጥርት ብሎ ያወራል። ሽቦ ሄዶ ቀለበቱን ከገመዱ ሲያወጣው ሳሎኑ የንብ ቀፎ የተነካ መሰለ። መልሶ ሲያስገባው ጫጫታው ጠፋ።

«የትናንት ጠዋቱ ጫጫታ ይህ ነው፣ እትዬ። አንቴናው ምንም አልሆነም። ባለቤትዎ ትናንት ቀትር ላይ ራሱ አጥፍቶታል።»

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለችም። «እየሳቀ ነበር፣ እትዬ! ‹ባለቤቴ ጠዋት ተቆጥታኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ዓመት ሙሉ ችላኛለች። ማታ ሬዲዮውን ከፍቼ ዝም እላለሁ፤ ራሷ ትድረስበት። እንዳትነግሪያት› አለኝ። አስምሎኝ ነው እንጂ!»

ሚስቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «አልተቀየመኝም?»

«አልተቀየመዎትም» አለች መርማሪዋ። «በእርስዎ ቃልም ጣራ ላይ አልወጣም።»

ወንድምየው ተቅበጠበጠ። «እኔ የማሽን ጫጫታ መቼ አልኩ? ተንሿሿ ነው ያልኩት። ንፋሱ አንቴናውን...»

«ጥሩ። አንቴናውን እናንሳዋ» አለችና ከጣራ የሚመጣውን ሽቦ ከሬዲዮው ጀርባ ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ይኸው። አንቴናው እጅህ ላይ ነው። ድምፁ ተለወጠ?»

ሰውየው ሽቦውን አየ። ሬዲዮው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ያወራል።

«አሁን ደግሞ ይህን ተመልከት።» ሳንቃውን ሩብ ዙር ገፋችው፤ ድምፁ በመንሿሿት ውስጥ ሰጠመ። መለሰችው፤ ወጣ። «እኔ ሰው ሲያናግረኝ ጭንቅላቴን ነው የማዞረው እንጂ ኮፍያዬን አላዞርም። በዚህ ጣቢያ ላይ ይህም ሬዲዮ እንደኔ ነው። ጆሮው ሆዱ ውስጥ ስለሆነ የሚዞረው ራሱ ነው። ጋሽ ሞገድ ሳንቃውን የሠራው፣ ምልክቱን ያሠመረው ለዚህ ነው። ጨዋታው ደግሞ የተላለፈው በዚህ ጣቢያ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው በአንድ ጣቱ የሚያስተካክለውን ነገር ብሎ ጣራ ላይ ይወጣል? ሌላ ሰው ብትልልኝ አምንህ ነበር። ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው ሬዲዮ በተንሿሿ ቁጥር ጣራ የሚያይ።»

«ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል! እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዙር አለኝ፣ ነገርኩት!»

«‹ቁም› ስትለው እንደ መስታወት ጠራ ብለኸኛል። ምን ዞሮ ነው የጠራው? ሽቦ የቀባው ቀለም ብሎኖቹ ላይ እንዳለ ነው። ያ ምሰሶ ከሳምንት ወዲህ አንዲት ስንዝር አልዞረም።»

ሽቦውን ከእጁ ወስዳ መልሳ ሰካችው።

«ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ወደ ሁሉም ዞራ። «አንቴና አዙራችሁ የማታውቁ አላችሁ? ከላይ ያለው ሰው ምን ይላል?»

«‹አሁንስ?›» አለ ሳጅኑ፤ ከአፉ አመለጠው።

«‹አሁንስ?› ይላላ! ሰፈር እስኪታክተው ‹አሁንስ? አሁንስ?› ይላል። ትናንት ከታች ‹ወደ ግራ› ሲባል ሰፈሩ ሰምቷል። ከላይ ግን ‹አሁንስ?› ያለ ሰው ማንም አልሰማም። ለምን? ጣራው ላይ ሰው ስላልነበረ ነው። ይህ ሰው ለባዶ ጣራ ነበር የሚጮኸው። ጋሽ ሞገድ ያኔ ወድቋል። ጩኸቱ ለእኛ ነው፤ እሱ ከታች ሳለ ሟቹ ከላይ እንደነበር እንድንመሰክርለት።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰውየው ያችን ውሸት በጥድፊያ ነው የታጠቃት፤ አሁን ወገቡ ላይ ስትላላ ሁሉም ያያል። ቢሆንም ገና እጁን አልሰጠም።

«እኔ ጋሼን በምን ምክንያት ልነካው?» አለ። «እታለም፣ ትሰሚያታለሽ?»

ሚስቱ አልዞረችም። መርማሪዋ እጇን ስትዘረጋ ሳጅኑ ፖስታውን ሰጣት።

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ጣራውን ለክተው አራት ቦታ ቢጫ ምልክት አድርገዋል። የጋሽ ሞገድ ጣት ላይ ያለው ቀለም ያ ነው። ከልብስ ሰፊዋ ሰምቶ ሮጦ ወጣ፤ ነካው፤ ገና እርጥብ ነው። የእሱ አንቴና ተነቅሎ በቦታው የስልክ ማማ ሊቆም እንደሆነ ገባው። ለዚህ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ፈርማ ፈቅዳለች ይላሉ ማማ ተካዮቹ። ወረቀቱ ይኸው። እትዬ፣ ይዩት እስኪ።»

ሚስቱ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ብዙ ጊዜ አየችው። መርማሪዋ አላጣደፈቻትም።

«ስሙ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «እጁ የኔ አይደለም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔ ነኝ ጽሕፈት ያስተማርኩህ። ይህን ቆልማማ ‹ለ› ስንት ጊዜ አርሜልሃለሁ?»

ሰውየው ወንበር ፈለገና አጥቶ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ኪራዩ ለሁላችንም ይሆናል ብዬ ነው» አለ። «አንቺ እሱን ሳትጠይቂ ምንም አትፈርሚም፤ እሱ ደግሞ ከዚያች ምሰሶ ጋር አይለያይም። ከተተከለ በኋላ ትቀበሉታላችሁ ብዬ ነው። ሲወጣ አይቼ ተከተልኩት። ‹ለእህትህ አሁኑኑ ነው የምነግራት› አለና ወደ ደረጃው ሄደ። ቆይ ብዬ ያዝኩት፤ ገፈተረኝ፤ ገፈተርኩት። ጠርዙ አጭር ነው... እንዲወድቅ አልፈለግኩም፣ እታለም። በእናታችን!»

«እናታችንን አትጥራ» አለችው።

መርማሪዋ ከኪሷ ሌላ ወረቀት አወጣች። ይህን ማውጣት አልወደደችም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ግን ነገሩ ያለዚህ አያልቅም።

«ሲወድቅ ወዲያው አልሞተም። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል። ሐኪም ቤቱ ከዚህ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አንተ ከደረጃው ወርደህ በአጠገቡ አልፈህ ነው እዚህ የገባኸው።» ወደ ሬዲዮው አመለከተች። «መጀመሪያ ያደረግከው ይህን ማስጮህ ነው። ከዚያ ነው መስኮቱ ላይ የቆምከው። ለምን አስጮህከው?»

ሰውየው ወለሉን አየ። የተወለወለው ጫማው ጫፍ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለች፤ ያያት አይመስልም።

«ይጣራ ነበር» አለ።

«ማንን?» አለች እህቱ።

«አንቺን።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሰውየውን ይዞት ወጣ፤ ሽቦም መንገድ ለቀቀላቸው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱን ልትደግፍ ብትጠጋ ሴትየዋ በእጇ ቀስ አድርጋ መለሰቻት። ተነስታ በኮሪደሩ አለፈችና ብቻዋን ወደ ጓሮ ወጣች። ንጣፉ ድንጋይ ላይ ተንበረከከች፤ ባሏ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ በመዳፏ ዳበሰችው። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ድንጋዩ አስጠጋች።

«አቤት» አለች።